ያልጠራን ተራራ

ሰው ወደ ሌላው ሰው ተራራ ለደስታው ሲወጣ ፈቃድ መጠየቅ አለበትን? ጥያቄው ሲሰሙት ያስቃል። ተራራ የእግዚአብሔር ነው፤ ሕግ ለሚጠቅስ ደግሞ የመንግሥትና የሕዝብ ነው። በር የለውም። ዘበኛ ቢኖረው እንኳ ቲኬት ይቆርጣል እንጂ ፈቃድ አይሰጥም። ታዲያ ማን ይጠየቃል? እኔ ጥያቄውን እንደ ቁም ነገር የያዝኩት የፍልስፍና መጽሐፍ ሳገላብጥ አይደለም፤ የጉዞ ዕቅድ ሳነብ ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። ከፓኪስታን ጨርቅ የሚያስመጣ አንድ ወዳጅ አለኝ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በግንቦት 2015 ዓ.ም. ወደ ካራቺ እንደገና መብረር ከጀመረ ወዲህ በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ይመላለሳል። በመጪው ጥር ሥራውን እንደ ጨረሰ ወደ ሰሜን ወጥቶ ማላም ጃባ በሚባል ተራራ በረዶ ላይ ሊንሸራተት አስቧል፤ እኔንም «ካላንተ አልሄድም» ብሎ ይዞኛል። ዕቅዱን በአንድ ሉክ ወረቀት ላይ ጽፎ አመጣልኝ። የአውሮፕላን ዋጋ፣ ከኢስላማባድ በመኪና የሚፈጀው ሰዓት፣ የሆቴል ክፍል፣ የጫማና የመንሸራተቻ ኪራይ፣ ወፍራም ካልሲ ሁለት ሁለት ጥንድ። ነጋዴ ነውና ሒሳቡ አይዛነፍም። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁሉም ነገር አለበት፤ ሰው ብቻ የለበትም።

ማላም ጃባ በሰሜን ምዕራብ ፓኪስታን፣ በስዋት ሸለቆ፣ በሂንዱ ኩሽ ተራሮች መካከል ያለ ቦታ ነው። ስዋትን አንባቢ በሌላ ወሬ ያውቀው ይሆናል፤ ማላላ ዩሱፍዛይ በመስከረም 2005 ዓ.ም. ከትምህርት ቤት ስትመለስ በጥይት የተመታችው እዚያ ነው። መንሸራተቻው በኦስትሪያ መንግሥት ርዳታ የተሠራ ሲሆን ጫፉ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ አለው። ይህን ቁጥር ሳይ ፈገግ ማለቴ አልቀረም። እኔ የምኖረው በየካ ክፍለ ከተማ፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ነው፤ ከሰፈራችን ጀርባ የሚነሣው የእንጦጦ ተራራ 3,200 ሜትር ይደርሳል። እንግዲህ በረዶ ፍለጋ ወደ ማላም ጃባ የሚጓዝ የየካ ሰው ከፍታውን እየቀነሰ ነው የሚሄደው ማለት ነው። ምሥጢሩ ከፍታው አይደለም። እኛ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ብቻ ርቀን ፀሐይ ሥር ተቀምጠናል፤ እነሱ 35 ዲግሪ ገደማ ላይ ናቸው፤ በታኅሣሥና በጥር ከምዕራብ የሚመጣው እርጥብ አየር ተራራቸውን ነጭ ያለብሰዋል።

በነገራችን ላይ አማርኛችን ጠጠር ሆኖ የሚወርደውንም፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ የሚረጋውንም፣ እንደ ተባዘተ ጥጥ የሚወርደውንም «በረዶ» ብሎ በአንድ ቃል ይጠቀልለዋል። «አመዳይ» የሚል ቃልም አለን። ለደጋ ገበሬ ሁለቱም ወዳጅ አይደሉም፤ አንዱ ስንዴውን ይደበድባል፣ ሌላው ባቄላውን ያቃጥላል። እሱ ላይ ለመንሸራተት ገንዘብ የሚከፍል ሰው እንዳለ ለመንዝ ገበሬ እንዴት እንደሚነገረው እንጃ። ይሁንና ወዳጄ እዚህ ላይ ምስክር አለው። አዲስ አበባ ተወልዶ አሜሪካ ያደገው ሮቤል ተክለማርያም በየካቲት 1998 ዓ.ም. በቱሪን የክረምት ኦሊምፒክ በ15 ኪሎ ሜትር የስኪ ውድድር ኢትዮጵያን ወክሎ ተሰልፏል፤ በዚያ ኦሊምፒክ ከኢትዮጵያ የመጀመሪያው እሱ ነው። ከአራት ዓመት በኋላም በቫንኩቨር ደግሞታል። «እሱ ከቻለ እኛ መውደቅ ያቅተናል?» ይላል ወዳጄ።

መውደቁ አያሳስበኝም። የሚያሳስበኝ ወረቀቱ ላይ የሌለው ሰው ነው። ማላም ጃባ ነጭ ሜዳ ብቻ አይደለም። በዙሪያው መንደሮች አሉ፤ በጫካው እንጨት የሚለቅም፣ በበጋ ከብት የሚያግድ፣ ተዳፋቱን ቆፍሮ የሚያርስ ሕዝብ አለ። ይህን የማውቀው ስላየሁት አይደለም፤ ተራራ የትም ቢሆን እንዲህ ነው። የኛንም አውቀዋለሁ።

ለመሆኑ ተራራ ለእኛ ምን ነበር? «ደብር» የሚለው ቃል በግእዝ ተራራ ማለት ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ተራራ ላይ እየተሠራ፣ ስሙ ከተራራው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ተሸጋገረ። አምባው መሸሸጊያ ነበር፤ ግሸንና ወህኒ ደግሞ የነገሥታት ልጆች የታሰሩባቸው ናቸው። ስለዚህ አባቶቻችን ወደ ተራራ የሚወጡት ሊጸልዩ፣ ሊሸሹ፣ ወይም ታስረው ነው። አየሩን ለመቀበልና ከተማውን ቁልቁል ለማየት የሚወጣ ሰው ቢያጋጥማቸው ኖሮ ጤንነቱን ይጠራጠሩ ነበር ብዬ እገምታለሁ። እዚሁ የካ ተራራ ላይ ከአንድ አለት የተፈለፈለው የዋሻ ሚካኤል ፍርስራሽ አዲስ አበባ ከመቆርቆሯ እጅግ የቀደመ ነው፤ የጠረቡት ሰዎች ሽቅብ የወጡት ለዕይታው ብለው አልነበረም።

እንጦጦም እንዲሁ ነው። ምኒልክ እዚያ የከተሙት ጠላትን ከሩቅ ለማየት ይመቻል ብለው ነው። ዕይታው ያኔም ነበረ፤ ግን የጦር ዕይታ ነበር። ብርዱና ነፋሱ አላስቀምጥ አለ። እቴጌ ጣይቱ ፍል ውኃው አጠገብ ቤት አሠሩ፤ በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተቆረቆረች። በ1882 ዓ.ም. ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑት ግን ወደ ላይ ተመልሰው፣ እንጦጦ ማርያም ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ነገር አዲስ አበቤ ሁሉ ቢያውቀው ደስ ይለኛል። አዲሷ ከተማ ዙሪያዋን ያለውን ዛፍ በጥቂት ዓመታት ቆርጣ፣ ነድዳና ቤት ሠርታ ጨረሰችው። እንጨት ጠፋ። እንጨት የጠፋበት ከተማ ደግሞ እንደ ቀድሞው ዘመን ልማድ ድንኳኑን ነቅሎ ይሄዳል። በ1890ዎቹ መጀመሪያ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ቤተ መንግሥት መሠራት ተጀምሮ ነበር፤ ዛሬ የአዲስ ዓለም ማርያም ደብር የሆነው ያ ነው። ከተማይቱን እዚሁ ያስቀራት ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ቶሎ ይበቅላል፤ ቢቆርጡት ከጉቶው ያቆጠቁጣል። በጥቂት ዓመታት እንጦጦ ባሕር ዛፍ ለበሰ፤ ከተማይቱም ቀረች።

ዛፉ ግን በራሱ እግር ወደ ምድጃ አይወርድም። ከመቶ ዓመት በላይ ያወረዱት ሴቶች ናቸው። ጭራሮውን፣ ቅጠሉን፣ ቅርፊቱን ለቅመው፣ በገመድ ጠፍረው፣ ጎንበስ ብለው በወገባቸው ተሸክመው። ከሠላሳ ኪሎ የሚበልጥ ሸክም ብርቅ አይደለም፤ አንዳንዱ ከተሸካሚዋ ክብደት ብዙም አያንስም። ከሌሊቱ ተነሥተው ይወጣሉ፤ ጥበቃ ካገኛቸው እንጨቱም ገመዱም ይቀራል፤ ካላገኛቸው ሸጠው የዚያን ቀን ዱቄት ይገዛሉ። የአዲስ አበባን እንጀራ የጋገረው ማነው ቢባል፣ ጤፉን ካመረተው ገበሬ ቀጥሎ የሚቆጠሩት እነዚህ ሴቶች ናቸው። ከመካከላቸው ጥቂቶቹ ማኅበር አቋቁመው፣ ሽመና ተምረው፣ ሸክሙን ትተው ሻርፕ ለእንግዳ ይሸጣሉ። ከየካ ጀርባ ዛሬም ሸክም ይዘው የሚወርዱ አሉ።

በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የእንጦጦ ፓርክ ተከፈተ። መንገዱ አስፋልት ነው፤ ፈረስ አለ፣ ብስክሌት አለ፣ ቡናና ኬክ አለ። የከተማው ሰው ቅዳሜና እሑድ ልጆቹን ይዞ ይወጣል። ይህን እኔ ነውር አልለውም። አዲስ አበባ ጭስና ጩኸት የበዛባት ከተማ ናት፤ የአምስት ዓመት ልጅ በሣር ላይ ሲሮጥ ማየትን የሚነቅፍ የግብረ ገብ ትምህርት ካለ ትምህርቱ ራሱ ይመርመር። ብቻ አንድ ነገር ልብ እንበል። ያው ተራራ፣ ያው አቀበት፣ በአንድ ጧት ለአንዱ ዕይታ ነው፣ ለሌላው ክብደት። ዕይታ የሚባለው ነገር ራሱ ትከሻው ባዶ የሆነ ሰው ሀብት ነው። አርባ ኪሎ ተሸክሞ የሚወርድ ሰው የሚያየው አድማስ አይደለም፤ ቀጥሎ እግሩን የሚያሳርፍበትን ድንጋይ ነው።

በአውሮፓ ለዕይታ ብሎ ተራራ የመውጣት ታሪክ ሲነገር ሁልጊዜ የሚጠቀሰው ጣሊያናዊው ባለቅኔ ፔትራርካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1336 ሚያዝያ ወር ከወንድሙ ጋር ሞን ቫንቱ የሚባለውን የፈረንሳይ ተራራ ወጣ፤ ከፍታውን ለማየት ካለው ጉጉት በቀር ምክንያት እንዳልነበረውም በደብዳቤው ገልጿል። ጫፍ ላይ ደርሶ የቅዱስ አውግስጢኖስን መጽሐፍ ቢከፍት፣ ሰዎች ተራራን እያደነቁ ራሳቸውን እንደሚረሱ የሚናገር ገጽ ወጣለት፤ አፍሮ አንድም ቃል ሳይናገር ወረደ። ይህን ክፍል ሁሉም ይተርከዋል። እኔን የያዘኝ ግን ሌላው ነው። ሲወጡ በመንገድ ላይ አንድ ሽማግሌ እረኛ አግኝተው ነበር። እረኛው «ተዉ፣ እኔ ከሃምሳ ዓመት በፊት ወጥቼው ነበር፤ ካተረፍኩት ድካምና ከተቀደደ ልብስ በቀር ያገኘሁት የለም» በሚል መንፈስ ሊመልሳቸው ሞከረ። አልሰሙትም። የከበዳቸውን ልብስና ዕቃ እሱ ዘንድ ትተው ሄዱ። ታሪክ ፔትራርካን የመጀመሪያው ይለዋል። እረኛው ከሱ ሃምሳ ዓመት ቀድሞ ጫፉን ረግጧል፤ ደብዳቤ አልጻፈም እንጂ። የተረፈው ሥራ ዕቃ መጠበቅ ነው።

ከ450 ዓመት በኋላ ፈላስፋው ካንትም አንድ ገበሬ ጠቅሷል። እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው መጽሐፍ፣ አንድ የሳቮይ ገበሬ የበረዶ ተራራ አፍቃሪዎችን ሁሉ ሞኞች ናቸው ማለቱን ያነሣና፣ አእምሮው በግብረ ገብ ላልተኮተኮተ ሰው ታላቁ ነገር የሚያስፈራ ብቻ ሆኖ ይታየዋል ይላል። ካንት ራሱ ከተወለደበት አገር ርቆ ሄዶ የማያውቅ፣ ትልቅ ተራራ በዓይኑ ያላየ ሰው ነው። ፍልስፍናውን አከብራለሁ፤ እዚህ ላይ ግን ከገበሬው ጎን ነኝ። ገበሬው ያልኮተኮተው ነገር የለም። ካንት በመጽሐፍ ያነበበውን በረዶ እሱ በየዓመቱ ከጣራው ላይ ይጠርጋል፤ ከብቱንና አንዳንዴም ልጁን ለናዳ ይከፍላል። ታላቅነቱ ሳይታየው ቀርቶ ሳይሆን ዋጋውን ስለሚያውቅ ነው ሞኞች ያላቸው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? አንዱ መልስ «አትሂድ» የሚል ነው። ሌላው የሚደክምበት ቦታ ላይ አትሳቅ። ይህ መልስ ንጹሕ ይመስላል፤ እኔ ግን አልወደድኩትም። ቤቴ ብቀመጥ የማላም ጃባ እረኛ ሸክም በአንድ ኪሎ አይቀንስም። ደግሞስ የማንም ድካም የሌለበት ቦታ የት አለ? ከዚህ ቤት በጠጣሁት ቡና ውስጥ ሳይቀር የሰው ወገብ አለ። የሚጾም ሰው ምግቡን ለተራበ ካልሰጠ፣ ጾሙ ለራሱ ነፍስ ይጠቅም ይሆናል፤ ለተራበው ግን ምኑም አይደለም።

ሁለተኛው መልስ የወዳጄ ነው፤ ጠንካራ መልስ ነው። «የኛ ገንዘብ የእነሱ እንጀራ ነው፤ ያንተ ሐሳብ ማንንም አያበላም» ይለኛል። ማስረጃም ያቀርባል። ማላም ጃባን በሰኔ 2000 ዓ.ም. ታጣቂዎች አቃጠሉት። በ2001 ዓ.ም. ጦሩ ሲዘምትባቸው ከስዋትና ከአካባቢው ከሁለት ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ተፈናቀለ። ለዓመታት እንግዳ አልረገጠውም፤ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው ተጠግኖ የተከፈተው። «እነዚያ ዓመታት ለመንደሩ ሰው ጥሩ ነበሩ?» ብሎ ይጠይቀኛል። ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና፣ በ2013 እና በ2014 ጦርነት እንግዳውን ከላሊበላ ሲያጠፉት፣ አስጎብኚው፣ በቅሎ አከራዩ፣ ጠላ ሻጯ ምን ላይ እንደ ወደቁ የላሊበላን ሰው መጠየቅ ይበቃል። ያ ጊዜ ለላሊበላ ንጽሕና አልነበረም፤ ረሃብ ነበር።

ይህን እቀበላለሁ። የማልቀበለው ገንዘቡ ነገሩን ይዘጋዋል የሚለውን ነው። ገንዘብ እንጀራ እንደሚገዛ ሁሉ ባዶ ቦታም ይገዛል። የስሜንን ነገር እንውሰድ። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ እ.ኤ.አ. በ1996 አደጋ ላይ ከወደቁት መዝገብ ገባ፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ወጣ። ከመውጣቱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2008 ዓ.ም.፣ በፓርኩ መካከል የነበረው የግጭ መንደር ሕዝብ ካሳ ተከፍሎት ወደ ደባርቅ ተዛወረ። ለዚህ ምክንያት ነበረው። ግጦሹ ተራቁቶ ነበር፤ ዋልያም በዚህ ምድር ላይ የመኖር መብት አለው፤ ከኢትዮጵያ በቀር ሌላ አገር የለውምና። ይህን የሚክድ ሰው ተራራውን አያውቅም። ግን በግጭ በኩል ያለፈ መንገደኛ ያን ዝምታ «እንዴት ያለ ንጹሕ ተፈጥሮ!» ብሎ ሲያደንቅ፣ የሚያደንቀው ዝምታ ትናንት የተሠራ መሆኑን ቢያውቅ ደግ ነው። እዚያ ዶሮ ይጮህ ነበር።

የኔ ጥርጣሬ እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። የሚያስነውረው ደስታው አይመስለኝም፤ ተራራው ውብ እንዲሆንልን ሰው የሌለበት መሆን አለበት ብለን ማሰባችን ነው። ነዋሪው በዕቅዳችን ውስጥ ሁለት ቦታ ብቻ ይሰጠዋል። ወይ እንቅፋት ነው፣ ይነሣል፤ ወይ ጌጥ ነው፣ ፎቶ ይነሣል። የእንጦጦዋ እንጨት ተሸካሚ ሁለቱም ደርሶባታል። በአንድ በኩል ጥበቃ ያባርራታል፤ በሌላ በኩል የጎበጠ ወገቧ በፖስት ካርድ ተሽጧል። ከሁለቱ የትኛው እንደሚብስ መወሰን አቅቶኛል።

ባለፈው ዓመት፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ አንዲት አሮጊት ከአቀበቱ ግርጌ እንጨታቸውን ጥለው ቆመው አገኘኋቸው። «አሸክመኝ ልጄ» አሉኝ። አንሥቼ ጀርባቸው ላይ ሳስተካክል ክብደቱ ክንዴን አንቀጠቀጠው። ጥቂት አብሬያቸው ወረድኩና፣ «እማማ፣ በዚህ መንገድ ላይ አንድ ነገር ይሠራልዎ ቢባሉ ምን ይሠራ ይላሉ?» አልኳቸው።

«ማረፊያ» አሉ ወዲያው።

«አግዳሚ ወንበር?»

«ወንበርማ ምን ይሠራልኛል? ከተቀመጥኩ ማን ያነሣኛል? ቁመቱ እስከ ወገቤ የሆነ ድንጋይ ይደርደርልኝ። ቆሜ ሸክሜን የማስደግፍበት።»

እኔ ያ ሐሳብ በመቶ ዓመት አይመጣልኝም ነበር። ተራራ ላይ ማረፊያ ሥራ ብባል በራሴ ድካም ልክ ነው የምሠራው፤ ባዶ እጁን ወጥቶ ለሚደክም ሰው፣ ተቀምጦ ቁልቁል ለሚያይ። በዚህ ውስጥ ክፋት የለም። የድንጋዩ ቁመት ሰው ካልተጠየቀ የማይታወቅ ነገር መሆኑ ነው። ይህን ከሰማሁ በኋላ የወዳጄን ወረቀት ሳነብ የሚያሳጣኝን ነገር ስሙን አገኘሁለት። ወረቀቱ ላይ ጥያቄ የለበትም።

በአገራችን ወግ እንግዳ ማለት ምን ነበር? ከአጥሩ ውጭ ቆሞ «ቤቶች!» ብሎ የሚጣራ ሰው ነው። «ይግቡ» እስኪባል ይቆማል። የቀረበለትን ይበላል፤ ወሬ ያወራል፤ የሚነሣበትን ቀን ያውቃል፤ እንግዳ መጀመሪያ ወርቅ፣ ቀጥሎ ብር፣ በመጨረሻ ብረት ይሆናልና። ቁም ነገሩ ያለው ግን አጥሩ ላይ ነው። እንግዳ «ዛሬስ አይመቸንም» ሊባል የሚችል ሰው ነው። ባለቤቱ ብዙ ጊዜ አይለውም፤ ነውር ነውና። ግን ሊለው ይችላል፤ ባለቤትነቱም እሱ ነው። የስዋት ፓሽቱኖችም ሜልማስቲያ የሚሉት የእንግዳ አቀባበል ሕግ አላቸው፤ ለመጣ ሰው ሁሉ፣ ለማያውቁትም ጭምር፣ ዋጋ ሳይጠይቁ ማብላትና መጠበቅ ነው። ሁለት ተራራማ ሕዝቦች ሳይተዋወቁ አንድ ዓይነት ሕግ ማውጣታቸው አይገርምም። ብርዱ አስተምሯቸዋል።

የከፈለ ሰው ግን አጥር ላይ አይቆምም። ሒሳቡን ከወር በፊት ልኳል፤ ቁልፉ ይሰጠዋል። ባለ ሆቴሉ ሊመልሰው አይችልም፤ መንደርተኛው ደግሞ ከነጭራሹ አልተጠየቀም። ገንዘቡ የመንደሩን ሰው ከእንግዳ ተቀባይነት አውርዶ አገልጋይ ያደርገዋል፤ እኛንም ከእንግድነት አውጥቶ ደንበኛ ያደርገናል። ይህን ስል ሆቴል ይዘጋ፣ ሁሉም በነፃ ይደር ማለቴ አይደለም፤ ድሃን በነፃ አብላኝ ማለት ከደንበኝነትም የባሰ ነው። የምጠይቀው ሌላ ነው። እየከፈሉ እንግዳ መሆን ይቻላል? ሙሉ መልስ የለኝም። የማውቀው ግን እንግዳ ከመምጣቱ በፊት የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ እንዳለ ነው፤ «መቼ ብመጣ ይመቻችኋል?» የሚል። ደንበኛ የሚጠይቀው «መቼ ይረክሳል?» ብሎ ነው።

ይህን ለወዳጄ ስነግረው መጀመሪያ ሳቀ። «አንተ መቼም ወደ በረዶ የምትሄደው ይቅርታ ለመጠየቅ ነው!» አለኝ። ቀጥሎ ግን በነጋዴ አእምሮው ዞር አድርጎ አየው። ካራቺ ውስጥ ጨርቅ የሚያቀብለው ደንበኛው የስዋት ተወላጅ ነው፤ ዘመዶቹ ከማላም ጃባ በታች ባለ መንደር ይኖራሉ። ወዳጄ በብዙ ሺሕ ዶላር ሲነግደው የትውልድ መንደሩን ስም ጠይቆት አያውቅም ነበር። በዚያኑ ምሽት ደወለለት። ሰውየው ስለ ዋጋ መስሎት የነበረ ሲሆን፣ መንደሩ ሲነሣ ለግማሽ ሰዓት አላቆመም አሉ።

ዕቅዱ አሁን ሁለት ገጽ ሆኗል። የመንሸራተቻው ቀን ከአራት ወደ ሁለት ወረደ፤ ሁለቱ ቀናት ከመንደሩ ለሚሆኑት ተለቀቁ። መንገድ የሚመራን ከዚያው ሰፈር የሚቀጠር ሰው ነው፤ የቀን ዋጋውን የሚነግረን እሱ ነው፤ አንከራከርም (ወዳጄ ይህችን መስመር ሲጽፍ እጁ ከብዶት ነበር)። ፎቶ ላይ ገና አልተስማማንም። ከሁሉ በላይ ያከራከረን ጥር ራሱ ነው። በረዶው የሚጠነክርበት ወር ነው፤ ለኛ ጨዋታ ነው፤ ለመንደሩ ግን እንጨት የሚያልቅበትና መንገድ የሚዘጋበት ጊዜ ሊሆን ይችላል። ሁለት እንግዳ ምድጃቸው አጠገብ ቢቀመጥ የሚነደው እንጨት የማን ወገብ ያመጣው እንደሆነ የፈረንሳይ ለጋሲዮን ሰው ሊጠፋው አይገባም። ስለዚህ በደንበኛው በኩል ጠየቅን፤ ጥር ይመቻችኋል ወይስ ሌላ ወር ይሻላል? ሌላ ወር ካሉን በረዶው ላይኖር ይችላል። ወዳጄ ለዚህ ገና አልተዘጋጀም፤ ስኪ የሌለበት የስኪ ጉዞ ለሚስቱ እንዴት እንደሚያስረዳት ያስባል።

መልእክቱ ከተላከ ሁለት ሳምንት ሆኖታል። መልሱን እየጠበቅን ሹራብ እየገዛን ነው።